ከሞተሩ ቤት ጀርባ

የዘበኛው የገብረ ሕይወት ሬሳ የተገኘው በቢቸና የመብራት ሞተር ቤት ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ሥር ተደፍቶ ነው። የሞተሩ ጎን ተቀዶ፣ ከሆዱ የተስፈነጠረ የብረት ስባሪ ደረቱን መትቶታል። ወለሉ ላይ ዘይትና ደም ተቀላቅሎ ረግቷል። ናፍጣውን የምትዘጋው ትንሽ ዘንግ ደግሞ በሽቦ ተጠፍንጋ ታስራለች።

ያቺ ዘንግ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲግል በራሷ ወድቃ እንድታጠፋው የተሠራች ናት። ካሰሯት አትወድቅም፤ ካልወደቀች ሞተሩ እየጋለ ይሄድና መጨረሻው ይኸው ነው። ስለዚህ ዘንጓን ያሰረው ሰው ሞተሩን ሊያፈነዳ የፈለገ ሰው ነው ብሎ ከተማው ፈረደ። ዘመኑ ነሐሴ ሰባ ስድስት ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሷል፤ የከተማው ወጣት ሁሉ በዝናብ ሰልፍ ይለማመዳል። በእንዲህ ያለ ሰሞን መብራት ማጥፋት አንገት የሚያስቆርጥ ነገር ነው።

መቶ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሞጣ ተጠርቶ የመጣው የቢቸናው መርማሪ ወባ ስለጣለው ነው። ቀጭን፣ አንድ ቦታ መቆም የማያውቅ ሰው ነበር። ሲያናግሩት እንኳ ይንጎራደዳል፤ ተቀመጥ ካሉት የክብሪት እንጨት እያወጣ ይሰባብራል። ሚስቱ «ያንተን ክብሪት የምገዛው ለምድጃ አይደለም» እያለች ትቀልድበታለች።

«ምርመራው አልቋል» አለው ጓድ ሣህለ ማርያም፣ ከሞተሩ ቤት ደጃፍ ሳያልፍ። የከተማው የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሲፈርም ስሙን «ሣህሌ» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ማርያምን ከኮሚቴው ማኅተም ጋር ማስማማት የከበደው ይመስላል።

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ለፊርማ።»

«ገዳዩ ማን ነው?»

«የሞተሩ ኦፕሬተር፣ ከፋለ። ‹ይህ ሞተር ለበዓሉ አይደርስም› ብሎ በስብሰባ ፊት ተናግሯል። ሽቦው የተቆረጠው ከሱ የመሣሪያ ሣጥን ነው። የዚያን ዕለት የት እንደነበረ ሲጠየቅ አይናገርም። ዓርብ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ መኪና ይመጣል፤ ይወስደዋል።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ያንን መኪና ያውቀዋል። ሰው ጭኖ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ የጫነውን ሲመልስ ግን አላየም። ገና ሰኞ ነው።

ሞተሩን ዞረው። ከፊት በኩል የኦፕሬተሩ ወንበርና የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ አለ። በስተኋላ ትልቁ ራዲያተር የኋላ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ግድግዳው በራዲያተሩ ልክ፣ ከሰው ወገብ ከፍ ሳይል ተበስቷል፤ የሞተሩ ንፋስ ማራገቢያ ትኩሱን አየር በዚያ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ውጭ ወጥቶ አየ። ከቀዳዳው ሥር ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ በረንዳ አለ። በረንዳው ንጹሕ ነው፤ ተጠርጎ ታጥቧል። ተመልሶ ራዲያተሩን በጣቱ ሲዳስስ በቀጫጭኑ ክንፎቹ መካከል የተሰካ ነገር አገኘ፤ ሥር ያበቀለ የገብስ ፍሬ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አይጥ ያመጣው ይሆናላ» አለ ጓድ ሣህለ ማርያም። «ክረምት ነው፤ እርጥበቱ አብቅሎት ነው።»

መቶ አለቃው ፍሬዋን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተታት።

---

ከፋለ በእስር ቤቱ ጥግ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል።

«ሽቦው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አንተ ነህ ያሰርከው?»

«አይደለሁም። የታመመ ሞተር ይዤ ዘንጉን አስራለሁ? ሰውዬ፣ በልቼ የማድረው በሱ ነው።»

«ምኑን ታመመ?»

«እንጃ። ሳምንቱን ሙሉ ይግላል፣ ዘንጓ ትወድቃለች፣ ይጠፋል። ውሃ ሞላሁ፣ ቀበቶ ቀየርኩ፣ ዘይት ለወጥኩ። መጨረሻ ላይ ሙቀቱን እየለካች ዘንጓን የምትጥለዋ ዕቃ ዋሽታ ነው አልኩ።»

«ዘበኛው አያ ገብሬ በሞተበት ምሽት የት ነበርክ?»

ከፋለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ስማ፣ ዓርብ መኪናው ይመጣል።»

«ሰምቻለሁ። ልጄ ገና ክርስትና አልተነሣም። እንደዚያም ሆኖ አልናገርም፤ ሌላ ሰው ይዤ አልጠፋም።»

መቶ አለቃው ከእስረኛው የተያዘውን ዕቃ አስመጣ። ከቡትቶ ጨርቅ ውስጥ አንዲት የናስ ዕቃ ወጣች፤ ጭራ የመሰለ ረጅም ቱቦ አላት። ፖሊሱ «ከሞተሩ የፈታት ናት፤ ማስረጃ ናት» አለ። ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ ሞተሩ ቤት በሩጫ ሊባል በሚችል እርምጃ ተመለሰ። የሞተሩ መለኪያ በቦታው ተቀምጣለች፤ ማንም አልነካትም። እንግዲያው ይህች ሁለተኛ ናት። በአካባቢው እንዲህ ያለ ሞተር ያለው አንድ ሌላ ከተማ ብቻ ነው፤ እሱም የራሱ ከተማ፣ ሞጣ።

---

ከሞተሩ ግቢ ፊት ለፊት የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ገብረ ኪዳን ያየውን ለመናገር አላቅማማም።

«መብራቱ ሄድ መጣ፣ ሄድ መጣ ሲል አመሸ። ከዚያ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ባትሪ የያዘ ሰው ገባ። ትንሽ ቆይቶ ወጣ። መብራቱ በራ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠፋም። በመጨረሻ ምድር የተሰነጠቀ የመሰለ ድምፅ ሰማን።»

«ሰውዬው ማን ነው?»

«ካፖርትና ባትሪ ያለው ከፋለ ነዋ። መንግሥት የሰጠው።»

«ሌላ ሰው የለውም?»

ልብስ ሰፊው መርፌውን በብርሃን አቅጣጫ እያየ ክር ማስገባት ጀመረ። ክሩ አልገባለትም። «ሌላ አላውቅም» አለ በስተመጨረሻ።

ይህ ነገር ኃይለ ጊዮርጊስን አሳሰበው። ከፋለ በጭቃ መንገድ ሞጣ ሄዶ ከነበረ ያን ምሽት ቢቸና ሊታይ አይችልም። አልሄደም ከተባለ ደግሞ ዕቃዋ ከየት መጣች? አንዱ ሐሰት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ገና አልታወቀውም።

ሞጣ ከመሄዱ በፊት ለቅሶ ቤት ደረሰ። የሟቹ ሚስት አስቻለች ጥቁር ለብሳ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን የሰፈሩ ሴቶች ሞልተዋል።

«እግዜር ያጽናዎ፣ እትዬ። አያ ገብሬ የተጣላው ሰው ነበር?»

«ገብሬ ከማን ይጣላል? ሞጣም ሳለ እዚህም መጥቶ ከሰው አልተጣላም።»

«ሞጣ ነበሩ?»

«እዚያም የሞተር ዘበኛ ነበር። እኔን ካገባ በኋላ ነው የመጣው።»

አንዲት ጎረቤት ጠላ ቀዳችለት። አንዴ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«ምነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

«የክረምት ጠላ ነው፣ ጌታዬ፤ ጭስ ይገባበታል። እኛስ ለምደነዋል።»

አስቻለች ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው አንገቷን ደፋች። ሊወጣ ሲል ግን እስከ ደጅ ተከተለችው። «ከፋለን ይገድሉታል?» አለችው ቀስ ብላ።

«እንጃ፣ እትዬ። ዓርብ ግን ይወስዱታል።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

---

ከቢቸና ሞጣ የሚያደርሰው የግንደወይን መንገድ በክረምት መንገድ አይባልም። መኪናው ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ፣ ገበሬ እየተለመነ ተገፍቶ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ሞጣ የገባው ማክሰኞ ወደ ማታው ነበር። በማግስቱ ማልዶ ወደ ሞተሩ ቤት ሄደ። የሞጣው ኦፕሬተር ፈንታዬ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጆሮው በሞተር ድምፅ የደነዘዘ ሰው ነው።

«አያ ፈንታዬ፣ የሙቀት መለኪያ አልጠፋችብዎትም?»

«አልጠፋችብኝም።»

«ታዲያ የት አለች?»

ፈንታዬ የዘይት ጨርቁን ሲጠመዝዝ ቆየ። «ልጁ ደኅና ነው?» አለ።

ሁሉም ነገር በዚያች ጥያቄ ወጣ። ከፋለ በጨው ጫኝ መኪና መጥቶ ለምኖታል። የመንግሥት ዕቃ ያለ ፈቃድ ማውጣት ሁለቱንም እንደሚያሳስር ያውቃሉ። ፈንታዬ ግን አሳዘነው፣ ሰጠው። ገብረ ሕይወት በሞተበት ምሽት ከፋለ እዚሁ ፈንታዬ ቤት ነበር ያደረው፤ የተመለሰው በማግስቱ ነው።

«መለኪያዋን ሲሰጡት የርስዎ ሞተር በምን ይጠበቃል?»

«እኔ ድሮም አልጠቀምባትም» አለ ሽማግሌው፣ አፈር እያለ። «ያለ ምክንያት ስታስቸግረኝ ጊዜ ዘንጉን አሰርኩት።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ አየ። የሞጣው ዘንግም በሽቦ ታስሯል። ሽቦው ተጠምጥሞ፣ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ልክ የቢቸናው እንደታሰረ።

«የቢቸናውን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«ቢቸናን ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

«ታዲያ ይህን አስተሳሰር ከርስዎ ያየው ማን ነው?»

የፈንታዬ ፊት ጠቆረ። «ገብሬ» አለ። «ሳስረው ፒንሳ ያቀበለኝ እሱ ነው። እግዚኦ፣ ገብሬ ራሱ ነው ያሰረው?»

ገዳዩ የሞተው ሰው ራሱ ሆነ። ይህ ግን ኃይለ ጊዮርጊስን ከማሳረፍ ይልቅ ይበልጥ ነቀነቀው። ሞተሩ አንድ ዓይነት፣ ሽቦው አንድ ዓይነት፤ የሞጣው ዓመታት ሲሠራ የቢቸናው በአንድ ምሽት እንዴት ፈነዳ? ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረው። በስተኋላ ቀዳዳ የለም። ከራዲያተሩ ፊት የቆርቆሮ ቦይ ተነሥቶ፣ ጣሪያውን በስቶ ሽቅብ ይወጣል።

«ትኩሱ አየር ለምን ወደ ላይ ሄደ?»

«ከኋላ የሰው ቤት አለ፤ እንዳያቃጥላቸው ነው። የቢቸናው ግቢው ሰፊ ስለሆነ ግድግዳውን ብቻ በስተው ተዉት።»

«የቱ ይሻላል?»

«ለሞተሩ እንደሆነ ለውጥ የለውም፤ ትኩሱ ይውጣ እንጂ። ካልወጣ ይመለስና መልሶ መላልሶ ያንኑ ትኩስ ይምገዋል። ያኔ ብረትም አይችለው።»

«ዘንጉን ይፍቱት፣ አያ ፈንታዬ» አለ መቶ አለቃው። «ዛሬውኑ።»

---

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ሰብለ ወንጌል ጠላ አቀረበችለት። ቆሞ ጨለጠውና ብርጭቆውን አትኩሮ አየ።

«ይሄ ናፍጣ አይልም» አለ።

«ምን ነካህ? ናፍጣ ለምን ይላል?»

«የክረምት ጠላ ጭስ ይገባበታል አሉኝ።»

«ጭስማ ይገባበታል። ፀሐይ የለ፤ ብቅሉን ከምድጃ በላይ ነው የምናደርቀው። ግን የእንጨት ጭስ ነው፤ ናፍጣ የሚያነድ ምድጃ ማን አለው?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ከኪሱ የክብሪቱን ቀፎ አውጥቶ ከፈተና ፍሬዋን በመዳፏ ላይ አኖረላት። «ይሄስ?»

«ብቅል ነዋ» አለች፣ እንኳን ለመርማሪ ለሕፃን የሚገባ ነገር በመጠየቁ እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። በክረምት እርጥበት፣ ቢቸናን በሚያህል ደጋ፣ ሌሊት እስኪገባ ትኩስ ነፋስ የሚተፋ ቀዳዳ፤ ከወገብ ያልበለጠ፤ ከሥሩ የተነጠፈ ድንጋይ፤ ከላዩ ቆርቆሮ። ብቅል ማስጫ ብለው ቢሠሩት ከዚህ የተሻለ አይሠሩትም። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ስለ ሞተር እንጂ ስለ ባለ ጠላዎች አላሰቡም። ግማሽ ምሳውን ትቶ ሹፌሩን ፍለጋ ሮጠ።

---

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አስቻለችን ከጓሮ አገኛት። ሴቶቹ በቤት ውስጥ ነበሩ። ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ ጠየቃት።

«እትዬ፣ ብቅሉ የማን ነበር?»

ለመካድ አልሞከረችም። ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

«የሁሉም ቤት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እናሰጣ ነበር፤ ገብሬ ይፈቅድልናል፤ ከፋለም ሲያይ ዝም ይለናል። ዘንድሮ ግን ሰብሳቢው ለበዓሉ እንግዶች ጠላ ጥመቁ ብሎ በየቤቱ አዘዘ። አልደረቀልንም ብንለው ‹የሞተሩ ንፋስ እያለ!› አለን። ሳምንቱን እየጨመርን ስናሰጣ ሰነበትን፤ ከፋለ ሞጣ የሄደ ለት ደግሞ ሁላችንም አመጣን። በረንዳው አልበቃ ሲል ገብሬ ሰሌኑን ደራርቦ እስከ ቀዳዳው አፍ አቆመው። ነፋሱ እንዲያገኘው ብለን።»

«ከዚያ መብራቱ መጥፋት ጀመረ።»

«አዎ። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ነበር፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባትሪውን ይዞ መጣ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ‹ዛሬ ደግመህ ብታጠፋው አሻጥረኛ ብዬ ነው የማስመዘግብህ› ሲለው ሰምቻለሁ። ብቅሉንም አይቶታል፤ አንሡት አላለም። ገብሬ ያን ጊዜ ነው ያሰረው። ክፋት አልነበረም በልቡ። መብራቱ እንዳይጠፋ ብሎ ነው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሊናገር ሲል እጇን አነሣች።

«አልጨረስኩም። ያ ድምፅ ሲመጣ መብረቅ ነው አልን፤ ሁሉም ጨለመ። ሞተሩ ዳግመኛ የጠፋ መሰለን። ሰብሳቢው መጥቶ ያብድብናል፣ ብቅሉን እናንሣ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዳበሳ አፈስን፣ በረንዳውን ጠረግን። ገብሬን ‹ና አግዘን› ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ ሳጣ ተቆጣሁት። ተቆጣሁት፣ መቶ አለቃ። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው። የሰው ብቅል ሁሉ በየቤቱ ከገባ በኋላ ነው ውስጥ የገባሁት።»

ዕንባዋ አልወረደም። ያልወረደ ዕንባ ከወረደው ይበልጥ ይከብዳልና መቶ አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ መንጎራደዱን ትቶ አንድ ቦታ ቆመ።

«ይህን ለሰብሳቢው ፊት ለፊት መናገር አለብዎት» አላት። «የፈንታዬ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፤ እሱንም ጨምሮ ያስረዋል። ከፋለን የሚያድነው ያን ምሽት የሆነውን ያየ ሰው ነው።»

«ያን ከተናገርኩ ይኸኛውንም መናገሬ ነው። ባሏን ትታ ብቅል ያነሣች ብለው እስክሞት ይጠሩኛል።»

«አውቃለሁ።»

«አብረውኝ የነበሩትንስ ይጠይቁኛል?»

«እኔ አልጠይቅዎትም።»

---

ዓርብ ጠዋት መኪናው መጥቶ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆመ። ከፋለ እጁ ታስሮ ወጣ። ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ኃይለ ጊዮርጊስ በሰብሳቢው ቢሮ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። እስካሁን ድረስ አስቻለች አልመጣችም። ትቀር ይሆን? ብትቀርስ ማን ይፈርድባታል?

«ፈርም እንጂ» አለ ጓድ ሣህለ ማርያም።

«ዘንጉን ያሰረው ሟቹ ነው። ከፋለ ከተማው ውስጥ አልነበረም።»

«እንግዲያው የሟቹን ስም ጻፍ። አሻጥረኛ ገብረ ሕይወት። የሞተ ሰው ሙግት አይገጥም፤ ከፋለም የመንግሥት ዕቃ በመስረቅ ይሄዳል።»

በሩ ተከፈተ። አስቻለች ገባች። ጥቁር ልብሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነክቶታል። እጅ ሳትነሣ ተናገረች፤ ትናንት በጓሮ ያለችውን አንዱንም ሳታስቀር፣ ካፖርቱን፣ ባትሪውን፣ ዛቻውን፣ ብቅሉን፣ ባሏን መቆጣቷን። ቃሏ በተከፈተው በር ወጥቶ እስከ ደጁ፣ እስከ መኪናው ጠባቂዎች ድረስ ተሰማ።

«አሻጥረኛ በሉት» አለች በመጨረሻ። «ግን ከጻፋችሁ ሁሉንም ጻፉ። ብቅሉ ለማን በዓል እንደነበረ፣ ማን እንዳዘዘን፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ። እኔም እዚያ መኪና ላይ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ድረስ እናገራለሁ። ከእንግዲህ ምን ይቀርብኛል ብላችሁ ነው?»

«ከማን ጋር ነበርሽ?» አለ ሰብሳቢው፤ ድምፁ ግን ሟሟ።

«ብቻዬን።»

«ያን ሁሉ ብቅል ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

መቶ አለቃው «ብቻዋን» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አደረገለት። «ሁለት መንገድ አለ፣ ጓድ። አንደኛው እሷ እንዳለችው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ የሞተሩ ቤት ቀዳዳ አሠራሩ ዝቅ ያለና በማንኛውም ዕቃ ሊዘጋ የሚችል በመሆኑ አደጋ ደርሷል። ወንጀለኛ የለም። ሁለተኛውም ሐሰት አይደለም።»

ጓድ ሣህለ ማርያም ወደ በሩ አየ። የመኪናው ጠባቂዎች እየሰሙ ነው። እስክሪብቶውን አነሣና ሙሉ ስሙን ፈረመ።

መኪናው ባዶውን ሄደ። የከፋለ እጅ ሲፈታ ሚስቱ ሕፃኑን ልትሰጠው ተጠጋች፤ እሱ ግን ሁለቱንም አልፎ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሮጠ። ኃይለ ጊዮርጊስ ሲደርስ አስቻለች ቀድማ ደርሳ ከግቢው መካከል ብቻዋን ቆማለች። የሰፈሩ ሴቶች አጥሩን ተጠግተው ከደጅ ቀርተዋል። ቃሏን ሰምተዋል፤ ስማቸውን እንዳልጠራች አውቀዋል። ከመካከላቸው ቀድማ ለመግባት የደፈረች አልነበረችም።

«አያ ገብሬ!» ብሎ ከፋለ ደረቱን እየደቃ ገባ። «እኔ ሞተሩ ቤት ብኖር አንተ አትሞትም ነበር። ብቅሉን አይቼ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ!»

አስቻለች ዘወር አለችና የቆሙትን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለቻቸው። «ግቡና አልቅሱልኝ እንጂ። እኔ ገና አላለቀስኩለትም።»

ያን ጊዜ ገቡ። ሙሾው ከዳር እስከ ዳር ተነሣ፤ መንገደኛው ሁሉ ቢቸና ውስጥ አዲስ ሰው የሞተ መስሎት ወደዚያው ጎረፈ። መቶ አለቃውም ቆቡን አውልቆ ከወንዶቹ መካከል ገባ።